ጅብ በጾም ምን ይበላል? ከጤፍ ጭድስ ምን ይወጣል?

የሳይንስ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ከከተማ ጅብ እስከ ናኖ ፖሊመር። ጠያቂዎቻችን ውጤቱን ሰምተዋል። ያልደረሳቸው ውጤቱ እንዴት እንደተገኘ ነውና መልሳችንም ወደዚያ ያደላል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ጅብ አህያ ላይ ይበረታል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ አጥንቶ አረጋግጧል ተባለ። የጅብን ሆድ ሳይቀዱ ምን እንደበላ በምን አወቁ? (ከመቀሌ)

መልስ፦ በፀጉር ነው። የጅብ ጨጓራ አጥንትን ያሟሟል፤ ፀጉርን ግን አያሸንፈውም። የተበላው እንስሳ ፀጉር ሳይፈርስ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። የሰሙት ጥናት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 «ጆርናል ኦቭ አኒማል ኢኮሎጂ» ላይ ያሳተሙት ነው። በተሰበሰበው ዓይነ ምድር ውስጥ የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ 55 ቀናት ወደ 33.1 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሉካንዳው ሲዘጋና በየቤቱ መታረዱ ሲቆም ከከተማው የሚጣለው አጥንትና የሆድ ዕቃ ይመናመናል። ጅቡ ደግሞ ከከተማው አይሄድም፤ የሚበላውን ይለውጣል። አህያን ሰው ስለማያርደው በጾምም በፍስክም ቁጥሩ ያው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊቱን ደጅ ያድራል።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የጅብ ዓይነ ምድር ከአጥንቱ ካልሲየም የተነሳ ሲደርቅ እንደ ኖራ ስለሚነጣ ከሩቅ ይለያል። ጅቦች የጋራ መጸዳጃ ቦታ አላቸውና አንዱ ከተገኘ ሌላውም አጠገቡ ነው። እያንዳንዱ ለየብቻው በወረቀት ከረጢት ይገባል፤ በላስቲክ ከታሰረ ይሻግታል። ከረጢቱ ላይ ቀኑና ቦታው ይጻፋል። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ የግድ ነው፤ በሥጋ በል እንስሳት ዓይነ ምድር ውስጥ የሰውን ጉበት የሚጎዳ የትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ደረቁን መሰባበር አቧራውን ያስነሳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በደቃቅ ወንፊት ላይ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የቀረው ፀጉር በአልኮል ተለቅልቆ ይደርቃል።

ቀጥሎ ናሙናው መረብ በተሠመረበት ሳህን ላይ ይበተናል፤ ፀጉሩ የሚነሳው ዓይን ከገባበት ቦታ ሳይሆን በዕጣ ከወጣው ካሬ ነው። ጥቁርና ወፍራሙን ብቻ እየመረጡ ማንሳት ውጤቱን ያጣምማል። የተነሳው ፀጉር በስስ ጄላቲን ወይም ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ላይ ይጋደምና ሲደርቅ ይላጣል። በጄላቲኑ ላይ የሚቀረው የፀጉሩ ቅርፊት አሻራ ነው። ይህ አሻራ በማይክሮስኮፕ 400 ጊዜ ጎልቶ ሲታይ ከአህያ፣ ከከብት፣ ከበግ፣ ከፍየልና ከውሻ ከተወሰደ የታወቀ ፀጉር ጋር ይመሳከራል። የማመሳከሪያው ፀጉር ከጀርባም ከሆድም ከጅራትም መወሰድ አለበት፤ የአንድ እንስሳ ፀጉር በየአካሉ ይለያያል። ብዙ ስህተት የሚሠራው በግና ፍየልን ሲለዩ ነው። ጅቡ ራሱን ሲልስ የሚውጠው የገዛ ፀጉሩም ከቆጠራው መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 33.1 በመቶ ማለት «ከጅቡ ምግብ ሲሶው አህያ ነው» ማለት አይደለም። አንጀት፣ ጉበትና ንጹሕ አጥንት ፀጉር ስለማይተዉ በዚህ ዘዴ አይታዩም፤ ከቄራ የሚወጣውም በብዛት እሱ ነው። አንድ አህያ ለስምንት ጅብ ከተከፋፈለ የአህያ ፀጉር በስምንት ዓይነ ምድር ይገኛል። የተበላው ጅቡ የገደለው ይሁን ሞቶ የተጣለ፣ ፀጉሩ አይናገርም። ጥናቱ አስተማማኝ የሚሆነው ሦስቱን ወቅቶች በአንድ ዓይነት መንገድ ለክቶ በማወዳደሩ ነው፤ ጉድለቱ በሦስቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ልዩነቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ለአህያ ባለቤት የሚተርፈው ነገር ይህ ነው፦ ከቅበላ ማግስት ጀምሮ አህያዋን ማታ ማታ አጥር ውስጥ ማስገባት፣ ፋሲካ አለፈ ብሎም ወዲያው አለመዘናጋት። ከፋሲካ በኋላ ያለው 22.2 ከመጀመሪያው 14.8 ገና ይበልጣልና።

ጥያቄ፦ «የመቀሌ ጅቦች በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያድናሉ» የሚል አነበብኩ። ይህ እንዴት ይሰላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥናቱ በ2021 የወጣ ሲሆን ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሠራ ነው። በመቀሌ ዙሪያ የሚኖሩ 211 ገደማ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ቅሪት ያነሳሉ ይላል። ቁጥሩን ራስዎ መፈተን ይችላሉ፤ 207 ሺህ ኪሎን ለ211፣ ከዚያም ለ365 ቢያካፍሉት ለአንድ ጅብ በቀን 2.7 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። ለዚህ አካል ይህ ልከኛ ራት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁጥር ይታመናል።

ሁለተኛው ግን የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። ቅሪቱ ሳይነሳ ቢቀር ስንት ሰውና ስንት ከብት በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ይያዝ ነበር ተብሎ በበሽታ ስርጭት ሞዴል ተሰልቶ በዓመት 5 ሰው፣ 140 ከብት፣ በግና ፍየል የሚል ውጤት ተገኘ። የሕክምናው ወጪና የሚሞተው እንስሳ ዋጋ ሲደመር እስከ 52,165 ዶላር ሆነ። ጅቦቹ የሚያነሱት ከጠቅላላው የእንስሳት ቅሪት 4.2 በመቶ ብቻ መሆኑንም ጥናቱ አልደበቀም፤ ጋዜጦች የዘለሉት ይህንኑ ነው። ሌላው ከ95 በመቶ በላይ የማዘጋጃ ቤትና የውሻ ዕዳ ነው። ጅብን ጥቅም የለሽ ለሚል መልስ ይሆናል፤ ቆሻሻ ማንሳትን ለጅብ መተው ለሚፈልግ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በከተማችን ዳር ያሉትን ጅቦች መቁጠር እፈልጋለሁ። አንገት ላይ የሚታሰር ጂፒኤስ መግዛት አልችልም። (ከሐረር)

መልስ፦ ለመቁጠር ጂፒኤስ አያስፈልግም፤ እሱ የሚነግርዎ ጅቡ የት እንደሄደ ነው። የሚያስፈልግዎ እንቅስቃሴ ሲሰማ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ነው። የጅብ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ችግሩ የግራና የቀኝ ጎኑም አለመግጠሙ ነው። አንድ ካሜራ ብቻ ካቆሙ አንዱን ጅብ በግራ አንድ ጊዜ፣ በቀኝ አንድ ጊዜ፣ ሁለት አድርገው ይቆጥሩታል። ስለዚህ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ይተከላል፤ ብልጭታቸው እንዳይጋጭ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ተዛንፈው።

ከመሬት ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከመንገዱ 3 ወይም 4 ሜትር ርቀት ይበቃል። ፊቱ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሁን፤ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከሆነ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ትገባበታለች። ከፊቱ ያለው ሣር ይታጨድ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው አንድ ቅጠል በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር ባዶ ፎቶ ያስነሳና ባትሪውን ይጨርሳል። ሊቲየም ባትሪ ዋጋው ቢወደድም በብርድ ሌሊት ከተራው ይበረታል። በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥን አይርሱ፤ የመስክ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሌባ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 24 ጅብ ለዩ እንበል። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት 20 ተነሡ፤ ከነሱ 9ኙ ቀድሞ የታወቁ ናቸው። 24 ላይ አንድ ይደምሩ፣ 20 ላይ አንድ ይደምሩና ያባዙ፤ 25 በ21 ማለት ነው፣ 525። ይህን 9 ላይ አንድ ደምረው ለሚያገኙት 10 ያካፍሉ፤ 52.5። አንድ ይቀንሱ፤ 51 ወይም 52 ጅብ ይሆናል። ይህ የሚሠራው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ በመካከሉ ብዙ ጅብ ካልመጣና ካልሄደ (ስለዚህ ሥራውን ከ40 ቀን አያሳልፉት)፣ ሁሉም የመነሳት ዕድሉ ተቀራራቢ ከሆነ፣ መለየቱ ላይ ካልተሳሳቱ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይፈርሳል። ካሜራውን ሁሉ ቆሻሻ መጣያ ላይ ከደረደሩ እዚያ የለመዱት ብቻ ይደጋገማሉ፤ የተደጋገመው ሲበዛ ስሌቱ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። በሐረር ደግሞ በየማታው የሚመገቡት ጅቦች ይህንን ያባብሳሉ፤ መመገቢያው ላይ አንድም ካሜራ ባይኖር ይሻላል። ግልገሎች ሲወለዱ ጥቁር ናቸው፣ ነጠብጣብ የላቸውም፤ ለብቻ ይመዝገቡ።

በድምፅ ማጉያ የሚታረድ እንስሳ ወይም የተጣላ ጅብ ድምፅ አሰምቶ የሚመጣውን መቁጠርም በትግራይ ተሠርቶበታል። ፈጣን ነው። ግን ድምፁ ከስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሰማ፣ ከሰሙት ስንቱ እንደሚመጡ በቅድሚያ ካልተፈተነ ቁጥሩ ግምት ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ካሰሙት ደግሞ ጅቡ ነቅቶ ይተዋችኋል።

ጥያቄ፦ ቄራ አካባቢ ይውል የነበረው ጥንብ አንሳ ሁሉ የት ገባ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከ2014 እስከ 2019 በኢትዮጵያ ቄራዎች የተደረገ ክትትል ለመጥፋት የተቃረቡት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ክፉኛ ማሽቆልቆላቸውን፣ የባዘኑ ውሾች ደግሞ ከእጥፍ በላይ መጨመራቸውን አሳይቷል። በአፍሪካ ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ውሻ ወይም ጅብ ለመግደል መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ ሲጣል ውሻው ላይ ብቻ አይቆምም፤ በአንድ ጥንብ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ወፎች ይወድቃሉ። የኤሌክትሪክ ሽቦም ይጨምርበታል።

ሕንድ ላይ የሆነው ለየት ይላል። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በ1990ዎቹ ሲረክስ ለከብት ይሰጥ ጀመር፤ መድኃኒቱን ወስዶ የሞተን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ በቀናት ውስጥ በኩላሊት መድከም ይሞታል። ምክንያቱ በ2004 በሊንሲ ኦክስ በሚመራ ቡድን ተገኘ፤ በ2006 ሕንድ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። በ2024 የታተመ የቺካጎና የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚስቶች ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ከጥንብ አንሳ መጥፋት ጋር በተያያዘ ወደ 500,000 ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ገመተ፤ በተበከለ ውኃና በእብድ ውሻ በሽታ። የእንስሳት ሐኪም ወይም ከብት አርቢ ከሆኑ የማስታገሻውን ስም ይጠይቁ፤ ሜሎክሲካም ለወፎቹ ደህና መሆኑ ተፈትኗል። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ለክትባት ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ ማደር አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ካዮቲ (ቀበሮ መሰል የአሜሪካ የዱር እንስሳ) ይታያል። ጎረቤቶች ድመት ይበላል ይላሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ውሸት ነው ይላል። ልጆች አሉን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ጥናት ሊጠቅስ ይችላል። በቺካጎ አካባቢ ከ2000 ጀምሮ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ስታንሊ ጌርት የሚመራው ክትትል አለ። እዚያ በተመረመሩ 1,429 የካዮቲ ዓይነ ምድሮች ውስጥ አይጥና መሰሎቹ በ42 በመቶው፣ ፍራፍሬ በ23 በመቶው፣ አጋዘን በ22 በመቶው ሲገኙ ድመት የተገኘው በ1.3 በመቶው ብቻ ነው። በ2020 የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት ግን በከተማው ውስጥ ካለው ናሙና 20 በመቶው ውስጥ ድመት አገኘ። ዘዴው አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። ቺካጎ ላይ የተሰበሰበው በብዛት ከደንና ከመናፈሻ ሲሆን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከቤቶች መካከል ነው። የእርስዎ ሰፈር ወደ ሁለተኛው ስለሚቀርብ ድመትዎን ማታ ከቤት አያውጡ።

ካዮቲ ካጋጠመዎ አይሩጡ፤ ጀርባም አይስጡት። ቁመው፣ እጅ ዘርግተው፣ ጮኸው እስኪሄድ ድረስ ያስፈራሩት። ጀምሮ መተው እንዳለመጀመር ሳይሆን ከዚያ የባሰ ነው፤ ሰው ጮኾ እንደሚተወው ይለምዳል። ሕፃን ካለ ማቀፍ። ትንሽ ውሻ ሲያዞሩ እየተለጠጠ የሚረዝመውን ማሰሪያ ትተው አጭሩን ይያዙ። የረገፈ ፍራፍሬ፣ ደጅ የተተወ የውሻ ምግብና ያልተከደነ ቆሻሻ መሳቢያዎቹ እነሱ ናቸው። ከኢትዮጵያ ጅብ ጋር አያምታቱት፤ ካዮቲ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 18 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ነው።

ጥያቄ፦ ከጤፍ ጭድ «ናኖ ሴሉሎስ» ይሠራል ይባላል። ሁለት ጊዜ ሞክረን አንዴ ጠቆረብን፣ አንዴ ደግሞ እንደ ጠጠር ደረቀ። የት ጋ ነው የምንሳሳተው? (የኬሚስትሪ ተማሪዎች፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ከሙቀቱ፣ ሁለተኛው ከማድረቂያው ነው። ከሥሩ እንነሳ። ሴሉሎስ ረጅም ፖሊመር (ከተደጋገሙ ትናንሽ ሞለኪውሎች የተያያዘ ሰንሰለት) ነው፤ በጭዱ ውስጥ ሥርዓት ይዞ የተደረደረበትና የተዘበራረቀበት ክፍል አለ። አሲድ የተዘበራረቀውን ቀድሞ ይበላዋል፤ የተደረደረው ውፍረቱ ከ5 እስከ 20 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ ርዝመቱ ከ100 እስከ 300 ናኖ ሜትር የሆነ ቀጭን ዘንግ ሆኖ ይቀራል። ሥራው በሙሉ አሲዱን ልክ እዚያ ላይ ማስቆም ነው።

ለ10 ግራም ጭድ እንዲህ ይሂዱ። ጭዱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ። በ200 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ እየተማሰለ 2 ሰዓት ይቀቀል። ሊግኒኑ (የተክሉን ጭረት አጣብቆ የሚያጠነክረው ነገር) እና አብዛኛው ሲሊካ እዚህ ይወጣል፤ ውኃው እንደ ጠላ ይጠቁራል። ይጣራ፣ ይታጠብ፤ ማጠቢያው እስኪጠራ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይደገም። ቀጥሎ ማንጻት ነው። ብዙ ጽሑፎች ሶዲየም ክሎራይት ይላሉ፤ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ የጋዝ መሳቢያው ደካማ በሆነ ላቦራቶሪ ባይሞከር ይሻላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በአልካሊ ውስጥ፣ ፒኤች 11.5 ላይ፣ ትንሽ ቢዘገይም ያው ነጭ ያወጣል። ሳይነጣ ወደ አሲድ መግባት አንዱ ስህተት ነው። ቡኒ የቀረው ሊግኒን ነው፤ አሲድ ውስጥ ይከስልና ሁሉን ያጠቁራል።

አሲዱ በክብደት 64 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ከ98 በመቶው ለመሥራት 34.7 ግራም የተጣራ ውኃ በበረዶ ላይ ይቀመጥና 65.3 ግራም አሲድ ቀስ በቀስ ይጨመርበታል። አሲድ ወደ ውኃ ነው፤ በተቃራኒው ከሆነ ይፈናጠራል። መለኪያውን በሚሊ ሊትር አትሥሩት፤ የተማሪዎች አሲድ 70 በመቶ ሆኖ የሚገኘው ክብደትንና መጠንን ስለሚያምታቱ ነው። ለ1 ግራም ነጭ ሴሉሎስ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ 45 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ። ሴሉሎሱ በደንብ ደርቆ ይግባ፤ እርጥብ ከገባ ውኃው አሲዱን ያቀጥነዋል፣ የሚለቀው ሙቀትም መለኪያችሁን ያልፋል። ቴርሞ ሜትሩ ማሞቂያው ላይ ሳይሆን ፈሳሹ ውስጥ ይሁን። 55 ዲግሪ ካለፈ መጥቆሩ አይቀርም፤ የእናንተም የመጀመሪያው ሙከራ ምናልባት ይህ ነው።

ሰዓቱ እንደሞላ በአሥር እጥፍ ቀዝቃዛ የተጣራ ውኃ ይቁም። ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ማጠብ ነው። የላይኛው ፈሳሽ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ መደፍረስ ይጀምራል። ብዙዎች «ተበላሸ» ብለው የሚደፉት ይህን ነው። የፈለጋችሁት ነገር እዚያው ደፍራሹ ውስጥ ነው። አሲዱ ሲሄድ ዘንጎቹ በላያቸው ባለው የሰልፌት ቻርጅ እየተገፋፉ መንሳፈፍ ጀመሩ ማለት ነው። እሱን ሰብስባችሁ በዳያሊሲስ ከረጢት ፒኤቹ መለዋወጥ እስኪያቆም ጥቂት ቀናት ውኃ እየለወጣችሁ አቆዩት። የቧንቧ ውኃ አይሆንም፤ ካልሲየሙ ቻርጁን ያከሽፈውና ይጓጉላል። በመጨረሻ በረዶ ላይ አድርጎ በአልትራሳውንድ ለጥቂት ደቂቃ መበተን።

የሁለተኛው ሙከራችሁ ጠጠር ደግሞ ኦቨን ውስጥ የገባ ነው። ውኃው ሲወጣ ዘንጎቹ እርስ በርስ በሃይድሮጅን ቦንድ ይጣበቃሉ፤ እንደገና ውኃ ብትጨምሩ አይለያዩም። በፈሳሽነቱ በ4 ዲግሪ አስቀምጡት፤ ዱቄት ከተፈለገ በማቀዝቀዝ ማድረቂያ። ከ10 ግራም ጭድ 1 ግራም ካገኛችሁ ደህና ውጤት ነው።

መሥራቱን ለማወቅ ከተጣለ ካልኩሌተር ስክሪን ሁለት የፖላራይዘር ወረቀት ላጡ። አንዱን በሌላው ላይ እስኪጨልም አዙሩና ፈሳሹን በመካከል አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉ፤ ቀስተ ደመና መሰል ነጸብራቅ ከታየ ዘንጎቹ አሉ። ለመጽሔት መጠኑን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። በብርሃን መበተን የሚለካው መሣሪያ ቅንጣቱን ክብ ነው ብሎ ስለሚያሰላ የዘንግን ርዝመት አይሰጥም፤ ርዝመትና ውፍረት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይለካል። ዝቃጭ አሲዱ በኖራ ሳይከሽፍ ወደ ፍሳሽ አይደፋ።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮስፒኒንግ (የፖሊመር ፈሳሽን በኤሌክትሪክ ኃይል ስቦ ወደ ቀጭን ክር በመፍተል) ፖሊቪናይል አልኮል የተባለውን ውኃ የሚያሟሟውን ፖሊመር ስሠራ ክሩ ላይ ዶቃ ዶቃ ይወጣል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀጥኖብዎታል። በ5 ወይም 6 በመቶ የሚሠሩ ከሆነ ወደ 8 እና 10 በመቶ ይውጡ፤ ሰንሰለቶቹ ካልተጠላለፉ የፈሳሹ ገጽ ውጥረት አሸንፎ ያንጠባጥበዋል። የምትመዝኑት ልክ ሆኖ እንኳ ሲሟሟ ሊጎድል ይችላል፤ በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ 90 ዲግሪ ላይ ሆኖ ዕቃው በደንብ ይከደን፣ ሰዓት ይሰጠው። ያልሟሟ ጉብታ ካለ ያው ዶቃ ያወጣል። ለመነሻ 15 ኪሎ ቮልት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በሰዓት ግማሽ ሚሊ ሊትር። በክረምት እርጥበቱ ከ60 በመቶ ካለፈ ክሩ ሳይደርቅ ይደርስና ይጣበቃል፤ ሥራውን ወደ እኩለ ቀን ማዞር ብቻውን ይረዳል። ለቁስል መሸፈኛ ካሰቡት ክሩ ውኃ እንደነካው ይሟሟል፤ በሲትሪክ አሲድ ተደባልቆ ከተፈተለ በኋላ በሙቀት ማስተሳሰር ይቻላል። ግሉታራልዴሃይድ ቶሎ ቢሠራም ቅሪቱ ሕዋስ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ በሊትር 240 ሺህ የፕላስቲክ ቅንጣት አለ ተባለ። እኛ ባቱ ነው የምንኖረው፤ አፍልተን ብንጠጣ ይሻላል? (ከባቱ)

መልስ፦ ቁጥሩ በ2024 መጀመሪያ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ገበያ ሦስት ዓይነት ውኃ መርምረው ያገኙት አማካይ ነው። 90 በመቶው ናኖ መጠን ስለሆነ ቀድሞ በነበሩ ማይክሮስኮፖች አይታይም ነበር፤ ቁጥሩ የዘለለው መሣሪያው ስለረቀቀ እንጂ ውኃው በአንድ ዓመት ስለተበከለ አይደለም። ከጤና ጋር ያለው ግንኙነት ገና በውል አልታወቀም። ጠርሙሱን ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አለማቆየት ግን ምንም አያስወጣም።

ማፍላትን በሚመለከት፣ በዚያው ዓመት የቻይናዋ ጓንግዡ ተመራማሪዎች ካልሲየም ካርቦኔቱ በሊትር ከ120 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ጠንካራ ውኃ ሲፈላ ቢያንስ 80 በመቶ ቅንጣቱ እንደሚወገድ አሳይተዋል። ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ደለል የሚተወው ያው ካልሲየም ቅንጣቱን ይዞ ይወርዳል። 5 ደቂቃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ማጥለል ነው። ለስላሳ ውኃ ላይ የሚወገደው 25 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ለእናንተ ግን ከፕላስቲኩ የሚቀድም ጉዳይ አለ። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበልጣል፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር ይልቁንም ያከማቸዋል። የቡና ወረቀትም የሸክላ ማጣሪያም አይዘውም። የሚይዙት የከሰለ አጥንት ወይም የነቃ አሉሚና ያለባቸው ማጣሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ሲሞሉ ምልክት ሳይሰጡ መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ጉድጓዱን ማስለካት፤ ከ1.5 በታች ከሆነ አፍልቶ ማጥለሉ ይበቃል፤ ከበለጠ ለሚጠጣውና ለወጥ ለሚሆነው ውኃ ዝናብ ማጠራቀም ወይም ማጣሪያውን ገዝቶ የሚወጣውን ውኃ በየጊዜው ማስመርመር ነው። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱ ውኃ ምንም አይልም።